ድሉ የእኔ፤ ሽንፈቱ የእነሱ

የሰው ጠባይ በደስታው ቀን አይመረመርም፤ ባሸነፈ ጊዜ ሁሉም ደግ፥ ሁሉም አመስጋኝ ነውና። ጠባዩ የሚታወቀው በተሸነፈ ዕለት ጥፋቱን በማን ጫንቃ ላይ እንደሚጭን ሲታይ ነው። ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት የእግር ኳስ አሠልጣኞች ከጨዋታ በኋላ ስለ ተጫዋቾቻቸው በአደባባይ የሚናገሩትን ነገር ለመንቀፍ ነው። «ኳስ ጨዋታ ነው፤ ስለ ጨዋታ ይህን ያህል ማተት ለምን ያስፈልጋል?» የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን ይኸው አነጋገር ከሜዳ ወጥቶ በትምህርት ቤት፥ በመሥሪያ ቤትና በየቤታችን ሲገባ ስላየሁ፥ እኔም ራሴ አንድ ጊዜ ተናግሬው አንድ ልጅ ስለ ጎዳሁበት፥ ዝም ማለት አልቻልሁም።

በከተማችን በኮቦ ወጣቶች በየሻይ ቤቱ ተሰብስበው ስለ ኳስ ሲከራከሩ አያለሁ። የአገር ውስጡንም የእንግሊዝ አገሩንም ተጫዋቾች ስም ከነማሊያ ቁጥራቸው ያውቃሉ። ከውጤቱም በኋላ የአሠልጣኙን ቃል በጽሞና ያዳምጣሉ። ቡድኑ ያሸነፈ እንደ ሆነ አሠልጣኙ «ያወጣሁት ዕቅድ ሠርቷል» ይላል። የተሸነፈ እንደ ሆነ ግን «ልጆቹ ልብ አልነበራቸውም፤ ያልኋቸውን አልፈጸሙም፤ ለማሊያው ፍቅር የላቸውም» ይላል። እኔ ሰዋስው ሳስተምር የኖርሁ ሰው ስለ ሆንሁ የዓረፍተ ነገር ባለቤት ሲለወጥ ሳልታዘበው አላልፍም። በድሉ ቀን ባለቤቱ «እኔ» ነው፤ በሽንፈቱ ቀን ባለቤቱ «እነሱ» ነው። ሰውየውም ያው፥ ቡድኑም ያው፥ ሜዳውም ያው ሆኖ ሳለ ተውላጠ ስሙ ብቻ ሸሸ።

እስቲ ነገሩን በእርጋታ እንመርምረው። ተጫዋቾቹን የመረጠ ማን ነው? ሳምንቱን ሙሉ ልምምድ ያሠራቸው፥ ማን እንደሚሰለፍና ማን እንደሚቀመጥ የወሰነ፥ የደከመውን አስወጥቶ ሌላውን የማስገባት ሥልጣን የነበረው ማን ነው? አሠልጣኙ ነው። እንግዲህ «ልብ የላቸውም» የሚለው ሰው ልብ የሌላቸውን የመረጠ ራሱ መሆኑን እየመሰከረ ነው። ልብ መኖር አለመኖሩን ከጨዋታው በፊት ካላወቀ ሥራውን አያውቅም፤ ዐውቆ ካሰለፋቸው ደግሞ ጥፋቱ የራሱ ነው። ከሁለቱ አንዱን ይምረጥ እንጂ ሦስተኛ መንገድ የለውም።

ደግሞም «ልብ የለውም» የሚል ቃል ማንንም አያስተምርም። «ተከላካያችን ወደ ፊት ሲወጣ ቦታውን የሚሸፍንለት ሰው አላዘጋጀንም» ቢባል ሰሚው ይማራል፤ ተጫዋቹም በሚቀጥለው ሳምንት የሚያርመው ነገር ያገኛል። «ልብ የለህም» የተባለ ሰው ግን ነገ ጧት ተነሥቶ ምኑን ያርማል? ሥራን መንቀፍ ትምህርት ነው፤ ሰውን መንቀፍ ፍርድ ነው። አሠልጣኝም የተቀጠረው ሊያስተምር ነው እንጂ ሊፈርድ አይደለም።

ሌላውን ከመውቀሴ በፊት የራሴን ጥፋት ልናገር። በ1988 ዓ.ም. ግድም በዚሁ በራያ ቆላ በማስተምርበት ትምህርት ቤት የኳስ ቡድኑ ኃላፊ ነበርሁ። በጥቅምት ወር አንድ ቅዳሜ ከጎረቤት ከተማ ከመጣ ቡድን ጋር ገጥመን 4 ለ 1 ተሸነፍን። ከአራቱ ጎል ሁለቱ በረኛችን ቆሞ እያየ የገቡ ነበሩ። ሰኞ ጧት ተማሪው ሁሉ ለሰንደቅ ዓላማ ተሰልፎ ሳለ ወደ ፊት ወጥቼ «ያሸነፈን እንግዳው ቡድን አይደለም፤ ያሸነፈን የበረኛችን እንቅልፍ ነው» አልሁ። ተማሪው ሳቀ። ልጁም አብሮ ሳቀ። ማሽላ እያረረ ይስቃል የሚለውን ተረት ያን ጊዜ ማስታወስ ነበረብኝ፤ አላስታወስሁም። እንዲያውም ንግግሬ ስላማረልኝ ደስ ብሎኝ ወደ ክፍል ገባሁ።

ልጁ ከማግስቱ ጀምሮ ቀረ። ሳምንት ካለፈ በኋላ እናቱን መንገድ ላይ አግኝቼ «እናቴ፥ ልጅዎ ምን ሆነ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እሳቸውም አንገታቸውን ደፍተው «መምህር፥ ልጄ እንቅልፋም አይደለም። ያን ሰሞን ግሪሳ ወርዶብን ጎሕ ሲቀድ ጀምሮ ማማ ላይ ቆሞ ወንጭፍ ሲወረውር ነበር። ያን ዕለትም እህል ሳይቀምስ ነው ወደ እናንተ የሮጠ» አሉኝ። የራያን ቆላ የሚያውቅ ሰው ማሽላ ሲያፈራ የግሪሳ መንጋ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል፤ ጠባቂ ያጣ ማሳ አገዳው ብቻ ይቀራል። ልጁ የቤተ ሰቡን የዓመት ቀለብ ሲጠብቅ አርፍዶ፥ በዚያው ለትምህርት ቤቱ ክብር ሊቆም መጥቶ ነበር። እኔ ግን «እህል ቀምሰሃል ወይ? ደክሞሃል ወይ?» ብዬ ሳልጠይቅ አሰለፍሁት፤ ከዚያም በሰው ፊት አዋረድሁት። ቤታቸው ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ አባቱም እናቱም በደግነት ተቀበሉኝ። ልጁ ግን ወደ ትምህርት ቤት አልተመለሰም።

ለመሆኑ ያ ልጅ ልብ አልነበረውም? ከሁላችንም ይልቅ ልብ የነበረው እሱ ነበር። ያልነበረው ቁርስና ዕረፍት ነው፤ ይህን ጠይቆ ማወቅ ደግሞ የእኔ ሥራ ነበር። ሥራዬን ባለመሥራቴ የመጣውን ሽንፈት የእሱ ጠባይ ብዬ ጠራሁት። ከዚያ ወዲህ አንድ አለቃ የበታቾቹን ጠባይ ሲያማርር በሰማሁ ቁጥር «ያልጠየቀው ነገር ምን ይሆን?» እላለሁ።

የአገራችን ገበሬ በዚህ ነገር ከአሠልጣኞቻችን ይበልጣል። በክረምት ከምዕራቡ ደጋ በሆርማትና በጎሊና ወንዝ ወደ ኮቦ ሜዳ ጎርፍ ይወርዳል። ገበሬው በበጋ ክትሩን ጠግኖ ቦዩን ጠርጎ የጠበቀ እንደ ሆነ ጎርፉን ጠልፎ ማሳውን ያጠጣበታል፤ ዝናብ ቢያጥር እንኳ ማሽላው ተስፋ አለው። ሳይጠግን የቀረ እንደ ሆነ ያው ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ ይሄዳል። ማሳው የተጠረገበትን ገበሬ ብትጠይቁት «ቦዩን ሳልጠርግ ቀርቼ» ይላችኋል እንጂ «ጎርፉ ጠባይ የለውም» አይላችሁም። የወጣት ጉልበትና ስሜት እንደዚያ ጎርፍ ነው። መውረዱ አይቀርም፤ ማሳ ማጠጣቱ ወይም አፈር መጥረጉ ግን በበጋ በተሠራው ሥራ ይወሰናል።

ታላላቆቹ የኳስ ሰዎችም ይህን ከጥቅም የተነሣ ዐውቀውታል። በእንግሊዝ አገር ሰር አሌክስ ፈርጉሰን ማንቸስተር ዩናይትድን በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1986 እስከ 2013 ድረስ መርተው 13 ጊዜ የሊጉን ዋንጫ አነሡ። ቁጣቸው በልብስ መለወጫው ክፍል ውስጥ እጅግ የሚያስፈራ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። በር ተከፍቶ ጋዜጠኛ ሲመጣ ግን ተጫዋቾቻቸውን የመከላከል ልማድ ነበራቸው። በአንጻሩ ጆዜ ሞሪንሆ በአውሮፓ አቆጣጠር በግንቦት 2015 ቼልሲን ለሻምፒዮንነት ካበቁ በኋላ፥ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር በሌስተር 2 ለ 1 በተሸነፉ ዕለት ሥራቸው እንደ ተከዳ ሆኖ እንደሚሰማቸው በአደባባይ ተናገሩ። ይህን በተናገሩ በሦስተኛው ቀን ተሰናበቱ። ሞሪንሆ ብልህ አሠልጣኝ ናቸው፤ ብልኅነታቸው ግን ከዚያች ቃል አላዳናቸውም።

ወደ አገራችን እንመለስ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ከግብፅ፥ በዚያን ጊዜ ስሟ ከተባበረችው ዓረብ ሪፑብሊክ ጋር፥ ለአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ስትገጥም አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። አስቀድማ ጎል ገባባት፤ አቻ ሆነች። አቻ በሆነች በደቂቃ ውስጥ ሁለተኛ ጎል ገባባት። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው የቡድኑ አምበል ሉቻኖ ቫሳሎ እንደ ገና አቻ አደረጋት። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አከታትለው አገቡና 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። እንግዲህ አስቡት። ያ ሁለተኛው ጎል በገባ ጊዜ እያንዳንዱ ተጫዋች «ነገ ስሜ በአደባባይ ይጠራል» ብሎ የሚፈራ ቢሆን ኖሮ ኳሱ እንዳይደርሰው ይሸሽ ነበር። የሚያፍር ተጫዋች ይደበቃል፤ የተደበቀ ተጫዋች አይሳሳትም፤ ነገር ግን ጎልም አያገባም። በአደባባይ የሚያዋርድ አሠልጣኝ የሚያተርፈው ይህን ነው፤ ስሕተት እንዳይሠሩ ብሎ ሥራም እንዳይሠሩ ያደርጋቸዋል።

ልክ በ51 ዓመቱ፥ በዚያው በጥር 13 ቀን፥ በ2005 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሳ በደቡብ አፍሪካ ከዛምቢያ ጋር ገጠመች። አሠልጣኙ ሰውነት ቢሻው ነበሩ። ዛምቢያ ያለፈው ዋንጫ ባለቤት ናት። የእኛ ቡድን የፍጹም ቅጣት ምት ሳተ፤ በረኛው በቀይ ካርድ ወጣ፤ በ10 ሰው ቀርቶ ጎል ገባበት። ይሁን እንጂ በአዳነ ግርማ ጎል አቻ ወጣ። ያን ማታ አገሩ ሁሉ «እንዴት ያለ ልብ!» አለ። በአራተኛው ቀን በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 ተሸነፈ፤ ከዚያም በናይጄሪያ 2 ለ 0። እነዚያው አፎች «ልብ የላቸውም» አሉ። እኔም እጠይቃለሁ፤ ልብ በአራት ቀን ውስጥ ከሰው ደረት ወጥቶ ይጠፋልን? የለወጠው ድካም፥ ጉዳት፥ የተጋጣሚ ብርታትና የዝግጅት ማነስ ነው። እነዚህ ሁሉ የሚቆጠሩና የሚታረሙ ነገሮች ናቸው። «ልብ» የምንለው ቃል መቁጠር ለሰለቸው ሰው መሸሸጊያ ሆኗል።

ከዚያ ቀጥሎ የሆነው ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ያስተምራል። ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ደቡብ አፍሪካን በአዲስ አበባ 2 ለ 1 አሸንፋ ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ የመጨረሻው ዙር ያለፈች መሰላትና ሕዝቡ በየመንገዱ ጨፈረ። ወዲያው ግን ሌላ ወሬ መጣ። ሰኔ 1 ቀን በቦትስዋና በተደረገው ጨዋታ ሁለት ቢጫ ካርድ የነበረበት ምንያህል ተሾመ መሰለፍ አልነበረበትም። ፊፋ ጨዋታውን እንደ ሽንፈት ቆጠረው፤ 13 የነበረው ነጥብ 10 ሆነ። ይህ የማን ጥፋት ነው? ካርድ መዝግቦ መያዝ የመሪዎች ሥራ ነው፤ ተጫዋች «ግባ» ሲባል ይገባል። ላባቸውን አፍስሰው ያገኙትን ሦስት ነጥብ የጽሕፈት ቤት ቸልተኝነት ወሰደባቸው። እነሱ ግን ጳጉሜን 2 ቀን ብራዛቪል ላይ መካከለኛው አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፈው የጠፋውን መለሱ። በመጨረሻው ዙር በናይጄሪያ ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. በአዲስ አበባ 2 ለ 1፥ ኅዳር 7 ቀን በካላባር 2 ለ 0 ተሸንፈው ቀሩ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ጠባይ የጎደለው ማን ነበር? በሜዳው የነበሩት ናቸው ወይስ በወረቀቱ ዘንድ የነበሩት? ተጫዋቾች መሪዎቻቸውን በአደባባይ እንደሚወቅሱ ቢሆን ኖሮ ያን ጊዜ ስንት በተናገሩ ነበር!

አሠልጣኞችን ሳልሰማ አልፈርድም። አሠልጣኝ በፍርሃት የሚኖር ሰው ነው። አቶ ሰውነት እንኳ ከ31 ዓመት በኋላ ቡድኑን ለአፍሪካ ዋንጫ አብቅተው፥ ከዓለም ዋንጫው ደጃፍ በተመለሱ በጥቂት ወራት ውስጥ ተሰናብተዋል። ሹመቱ በአንድ ሽንፈት የሚናወጥ ሰው ጥፋቱን ወደ ሌላ ቢገፋ ምክንያቱ ይገባኛል። ነገር ግን የሚገባኝ ሁሉ ይገባዋል ማለት አይደለም። ከላዩ የመጣበትን ፍርሃት ወደ ታች የሚያሳልፍ ሰው መሪ ሳይሆን ቧንቧ ነው።

«ያለ ቁጣ ሰው አይሠራም፤ የዶክተር ወልደ መስቀል ኮስትሬን ጥብቅነት አታውቅምን?» የሚሉኝ አሉ። ዐውቃለሁ። እኒያ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2016 ያረፉት ታላቅ አሠልጣኝ እነ ደራርቱ ቱሉን፥ እነ ኃይሌ ገብረ ሥላሴን፥ እነ ቀነኒሳ በቀለን ለኦሊምፒክ ወርቅ ያበቁ ጥብቅ ሰው ነበሩ። ነገር ግን ጥብቅነትና ማዋረድ አንድ አይደሉም። ጥብቅነት ከውድድር በፊት የሚከፈል ዋጋ ነው፤ ጧት በብርድ ማስነሣት፥ ያልተሟላውን ማስደገም፥ የሰነፈውን ከቡድን ማስቀረት ነው። ማዋረድ ግን ከሽንፈት በኋላ ያለ ዋጋ የሚገኝ ነገር ነው። ሌሊቱን በጫትና በመጠጥ ያሳለፈ ተጫዋች ካለ ጠርተህ ቀኑን ጠቅሰህ ንገረው፤ ካልታረመ አታሰልፈው። ይህን ማድረግ ሥልጣን ነው። ሥልጣን በእጁ ሳለ በእሱ ሳይጠቀም በጋዜጠኛ ፊት የሚያማርር ሰው ግን በገዛ እጁ ላይ ይከሳል።

በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት አንድ መምህር ነበሩን። ስሕተት ሲያዩብን ከትምህርት በኋላ አስቀርተው፥ በር ዘግተው፥ መስመሩን በጣታቸው ያሳዩናል። አሥር ጊዜም ቢሆን ያስደግሙናል እንጂ አይራሩም። በሰው ፊት ግን ስማችንን በክፉ አንሥተው አያውቁም። ከዚያ ክፍል ስንወጣ እጃችን ደክሞ ነበር፤ አንገታችን ግን አልተሰበረም። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 የተሰጠው ሥርዓትም የበደለንን ሰው አስቀድመን ለብቻው እንድናነጋግረው ነው። በሙስሊም ወንድሞቻችን ዘንድም የሰውን ነውር መሸፈን የተመሰገነ ምግባር ነው። በራያ ቆላ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሲሸመግል ሁለቱን ወገን ሳይሰማ አይፈርድም። ታዲያ ሃይማኖታችንም ባህላችንም የሚከለክለውን ነገር ማይክሮፎን ሲቀርብልን ምነው እንረሳዋለን?

አሁን ደግሞ ወደ እናንተ ወደ ወጣቶቹ ልመለስ። ይህን ሁሉ የጻፍሁት «እሰይ፥ መምህሩ ለእኛ ተሟገቱልን» ብላችሁ ደረታችሁን እንድትነፉ አይደለም። በር ተዘግቶ የሚነገረውን ተግሣጽ እንደ ስድብ የሚቆጥር ተጫዋችም አይቻለሁ። ከሜዳ ሲያስወጡት ማሊያውን የሚወረውር፥ ሲታረም የሚያኮርፍ፥ ጎል ሲያገባ «እኔ» ብሎ ጎል ሲገባበት ወደ ጓደኛው የሚጠቁም ወጣት የዛሬ ዓሥር ዓመት የሚነቀፈውን አሠልጣኝ ለመሆን ከወዲሁ እየተማረ ነው። አሠልጣኙ የሸሸባትን ተውላጠ ስም ተጫዋቹም ይሸሽባታል። ለተጫዋች የሚገባው ተግሣጽን ለብቻው ሲሰማ አመስግኖ መቀበል፥ ደክሞት ወይም ታሞ እንደ ሆነ ከጨዋታው በፊት በግልጽ መናገር፥ በጓደኛው ስሕተት የገባውን ጎል የቡድኑ ጎል ብሎ መቁጠር ነው። ያ በረኛ «መምህር፥ ዛሬ ደክሞኛል» ለማለት አልደፈረም። እንዳይደፍር ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ እናንተ ግን ድፈሩ።

ከእናንተ መካከል ነገ የቡድን አለቃ፥ መምህር፥ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ፥ የልጆች አባትና እናት የምትሆኑ ብዙዎች ናችሁ። የምትመሯቸውም ሰዎች አንድ ቀን ያሳፍሯችኋል፤ ይህ አይቀርም። በዚያን ቀን ከመናገራችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። የሚገባቸውን ሥራ በጊዜው አስተምሬአቸዋለሁ ወይ? ምን እንደ ጎደላቸው ጠይቄአለሁ ወይ? የምናገረውን ለብቻቸው ነግሬአቸዋለሁ ወይ? ለሦስቱም «አዎን» ብላችሁ መመለስ ካልቻላችሁ የጥፋቱ ባለቤት ገና አልተገኘምና ስማቸውን አትጥሩ። በአደባባይ የግድ መናገር ካለባችሁ ግን ዓረፍተ ነገሩን «እኔ» በሚል ባለቤት ጀምሩት። በድል ቀን ያችን ቃል ለመጠቀም የማይቸግረን ሰዎች በሽንፈት ቀን ልትከብደን አይገባም።